ቁልፍ ሰፊዋ

«ክፍሏን እንዳለ ለጎብኚ እንተወዋለን። አልጋዋም፣ ወንበሯም፣ የስፌት መኪናዋም ይቀመጣል። እሷን ደግሞ አረጋውያን የሚጦሩበት ጥሩ ቦታ አግኝተንላታል። አዎ፣ ተስማምታለች። እሷ ምን ችግር አላት?»

እትዬ ይህን የሰማችው በጠዋት፣ ኮሪደሩ ላይ፣ የታጠበ ልብስ የሞላበት ሳፋ በሁለት እጇ አቅፋ ነው። የወንድሟ ልጅ ማሙሽ የመኝታ ቤቱን በር ገርበብ አድርጎ በስልክ ያወራል። መጀመሪያ ስለ ማን እንደሚያወራ አልገባትም። አልጋና ወንበር የስፌት መኪናም ያላት ይህቺ «እሷ» ማን ትሆን ብላ ከልቧ አሰበች። ከዚያ ነው ሳፋው በእጇ ላይ የከበዳት። ድምፅ ሳታሰማ በጓሮ በር ወጣችና ልብሱን ማስጣት ጀመረች። የልብስ መቆንጠጫዎቹን እንደ ልማዷ በከንፈሯ ይዛ አንሶላውን ዘረጋች፣ የማሙሽን ሸሚዞች አንድ በአንድ በትከሻቸው ሰቀለች፣ የሚስቱን ቀሚስ ገልብጣ አሰጣች። ሁሉን ጨርሳ መቆንጠጫው ሲያልቅባት እንኳ አፏን እንደ ገጠመች ቆመች። «ተስማምታለች» ያለው ቃል እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ቀርቷል። መቼ ነው የተስማማችው? ማን ጠይቋት?

ቤቱ በሰፈሩ «የደራሲው ቤት» ነው የሚባለው። ደራሲው የእትዬ ታላቅ ወንድም፣ የማሙሽ አባት ነው፤ ከሞተ ስድስት ዓመት አለፈው። ብዙ ጽፏል፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ግን አንዱን ልቦለድ ነው። ተማሪ ቤት ይማሩታል፣ በየፈተናው ይመጣል፣ ያላነበበውም አንብቤዋለሁ ይላል። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ሦስት ጊዜ ብቻ ብቅ የምትል አንዲት ሴት አለች። መስኮት ሥር ተቀምጣ ቁልፍ ትሰፋለች። ዋናው ገፀ ባሕርይ በተማሪነቱ ያልፋታል፣ ታስሮ ሲፈታ ያልፋታል፣ በመጨረሻ አገር ጥሎ ሲሄድም ያልፋታል። ስም የላትም፤ አንዲት ቃል አትናገርም። በሦስተኛው ላይ ክሩን በጥርሷ ትበጥስና ቀና ብላ ታየዋለች፤ በቃ። ቁልፍ ሰፊዋ እትዬ መሆኗን ሰፈሩ ያውቃል። አልፎ አልፎ ተማሪዎች በአጥሩ ሥር ቆመው አንገታቸውን ያሰግጋሉ። አንዷ ደፍራ «እርስዎ ነዎት እሷ?» ብላ ጠይቃት «ኧረ እሷ ገና ወጣት ናት» ብላ መልሳላታለች። እትዬ ራሷ መጽሐፉን ያነበበችው ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ስታነበው የምትናገርበትን ቦታ እየጠበቀች ነበር። መጽሐፉ አለቀ። ገጽ የጎደለው መስሏት ከጎረቤት ሌላ ቅጂ ተዋሰችና እንደገና አነበበች። ያም ያው ነበር።

ልብስ አስጥታ ስትመለስ የስፌት መኪናዋ ከክፍሏ ወጥቶ ሳሎን በር ላይ ደርሷል። ማሙሽ ከፊት፣ አንድ ተሸካሚ ከኋላ ሆነው የብረት እግሩን አጋድመው ያስገቡታል። መኪናው ሲጋደም መርገጫው ተንቋቋ፤ እትዬ ጥርሷን ያማት ይመስል ጉንጯን ያዘች።

«መኪናዬን ወዴት ነው?»

«ለዛሬ ብቻ ነው፣ እትዬ። እንግዶች ሊያዩት ነው።»

«ነርሷ ያዘዘችኝ ቀሚስ አላለቀም እኮ። ማታ ልትወስድ ትመጣለች።»

«ነገ ትወስዳለቻ!»

«ነገማ ትለብሰዋለች። አዲስ ሥራ ትገባለች።»

ማሙሽ መኪናውን መስኮቱ ሥር አስቀመጠና ግንባሩን በእጅጌው ጠረገ። አርባ ዓመት አልፎታል፣ ኢንሹራንስ ቤት ውስጥ ኃላፊ ነው፣ ፀጉሩ ከፊት ሸሽቷል፤ እትዬ ግን እናቱ በሕፃንነቱ ሞታበት እሷ ስታሳድገው ያወጣችለትን ስም እስካሁን አልቀየረችም። መልስ ሳይሰጣት ሚስቱ ከኋላ መጣች። በሁለት አጫጭር የናስ ዘንግ ላይ የተጠመጠመ ቀይ ገመድ ይዛለች፤ ባንክ ቤት ሰው የሚሰለፍበት ዓይነት፤ ከምትሠራበት ተውሳ ያመጣችው ነው። ገመዱን በመኪናው ዙሪያ እየዘረጋች፣ ድምፅዋን እንደ ሕፃን አባባይ አለስልሳ «እትዬ፣ ከሰዓት በኋላ ጎረቤት ሄደው አረፍ ቢሉስ? እዚህ ግርግር ነው የሚሆነው። እንግዶቹ ሲሄዱ እንጠራዎታለን» አለች። እትዬ ገመዱን አየችው፤ መኪናዋን አየችው። ክሩ እንደ ነበረ ከመርፌው ላይ አለ። ሰማያዊ ክር ነው፤ ከጨርቁ ጋር የሚሄደውን ስታጣ ሦስት ሱቅ ዞራ፣ ዋጋው ካምናው እጥፍ ሆኖባት ነጋዴውን ስትጨቃጨቅ ውላ የገዛችው።

ምሳ የቀረቡት ሦስቱ ብቻ ናቸው። ጠረጴዛው ለእንግዳ በተዘጋጀ ነጭ ጨርቅ ስለተሸፈነ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ምድጃው አጠገብ፣ ክርናቸው እየተነካካ ነው የተቀመጡት። ሚስትየዋ ስልኳን እያየች ትበላለች። ማሙሽ ሳህኑ ላይ አቀርቅሯል። እትዬ አትበላም፤ እሱን ታየዋለች። አሁን ይነግረኛል፣ ትላለች በልቧ። ውኃ ጠጥቶ ብርጭቆውን ሲያስቀምጥ፣ አሁን። ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ አሁን። ቢነግራት እኮ እሺ ማለቷ አይቀርም ነበር፤ ይህን ራሷም አውቃዋለች። «እትዬ፣ እኛ ከዚህ ቤት መውጣት እንፈልጋለን፣ ለአንቺም እንዲህ ዓይነት ቦታ አይተናል፣ ምን ትያለሽ?» ቢላት፣ ትንሽ ዝም ብላ፣ ትንሽ አልቅሳ፣ «እናንተ ከተመቻችሁ» ትለው ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ እንዲያ ስትል ነው የኖረችው። ማሙሽ ቀና አለ። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። የሚስቱ እጅም ስልኩ ላይ እንዳለ ቆመ።

«ጨው አቀብይኝ» አላት።

አቀበለችው።

ጎረቤት አልሄደችም። ባልና ሚስቱ ልብስ ሊቀይሩ ሲገቡ ወጥ ቤት ተመልሳ፣ ያላለቀውን ቀሚስ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። የአንገቱ ዙሪያና የታችኛው ጠርዝ ይቀረዋል። የአንገቱን በእጅ ልትሞክረው አሰበችና ተወችው፤ የእጅና የመኪና ስፌት አንድ ልብስ ላይ ጎን ለጎን ሲታይ ያስታውቃል። እንግዶቹ መጡ። በበሩ ስንጥቅ ቆጥራ ሳይሆን በጫማቸው ድምፅ ብዙ መሆናቸውን አወቀች። ከመንግሥት ቢሮ የመጣች አንዲት ኃላፊ አለች፤ ድምፅዋ ረጋ ያለ ነው። ፎቶ አንሺ አለ። ከዩኒቨርሲቲ የመጣ የሥነ ጽሑፍ መምህርም አለ፤ እሱ ገና ከመግባቱ መኪናውን አይቶ «ኦ!» ሲል ተሰማ።

መምህሩ መናገር ጀመረ። ሲናገር የሚያስመስል ሰው አልነበረም፤ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ቁልፍ ሰፊዋን በአሥራ አምስት ዓመቱ አንብቦ አንድ ሳምንት እንቅልፍ እንዳጣ ተናገረ። «ልብ በሉ» አለ፣ «ደራሲው ክር ፈታይ፣ ጥልፍ ጠላፊ ሊያደርጋት ይችል ነበር። ቁልፍ ሰፊ አደረጋት። ቁልፍ! ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል። ቁልፍ ልብስ ይዘጋል፣ ቁልፍ በር ይከፍታል። የተዘጋብን በር መክፈቻ በዚህች ሴት እጅ ነው ያለው፣ እሷ ግን አትናገርም። ለምን? ሕዝብ ናትና! ዝምታዋ የሕዝብ ዝምታ ነው። ሁሉን ታያለች፣ ሁሉን ትችላለች፣ አትጠይቅም፣ አትከስስም።»

እትዬ ወጥ ቤት ሆና ይህን ስትሰማ ጆሮዋ ጋለ። ሰውየው ክፉ አልተናገረም፤ እንዲያውም እንደዚያ አክብሮ ስለ እሷ የተናገረ ሰው ኖሮ አያውቅም። ግን «ሁሉን ትችላለች፣ አትጠይቅም» ሲል ማሙሽ በጠዋት በስልክ ያለው ቃል በሌላ አፍ፣ በሚያምር ልብስ ተመልሶ የመጣ መሰላት። ያኛው «እሷ ምን ችግር አላት?» ነበር፤ ይኼኛው ደግሞ ያንኑ እያለቀሰ ነው የሚለው። ሰዓቱን አየች። ነርሷ ቀሚሱን ልትወስድ ልትመጣ ነው። ተነሳች፣ ቀሚሱን በክንዷ ላይ ጣል አደረገች፣ የሳሎኑን በር ከፈተች።

ማንም ለጊዜው አላያትም። በሰዎቹ መካከል «ይቅርታ… ይቅርታ» እያለች አልፋ፣ ጉልበቷን ይዛ ጎንበስ ብላ በቀዩ ገመድ ሥር ሾለከች። ወንበሩን ሳበች። ቀሚሱን መርፌው ሥር አስገብታ ጨርቁን አስተካከለችና መርገጫውን ረገጠች። መኪናው ተነሳ። ሳሎኑ ጸጥ አለ። ከዚያ አንድ ሰው አጨበጨበ፤ ሌላው ተከተለ፤ ሁሉም አጨበጨቡ። ትያትር መስሏቸዋል። ማሙሽ አስቦ፣ ተዋናይት አስመጥቶ ያዘጋጀው መስሏቸዋል። ፎቶ አንሺው ተንበርክኮ በግራ በቀኝ ያነሳታል። መምህሩ ዓይኑ እንባ አቅርሮ «ዝም ብላ! አያችሁ? ልክ እንደ መጽሐፉ፣ ዝም ብላ!» ይላል።

ማሙሽ ግን አላጨበጨበም። ፊቱ አመድ መስሏል። ሚስቱ ክርኑን ስትጎስመው ለመሳቅ ሞከረና ከንፈሩ አልታዘዝ አለው። እትዬ ቀና ብላ አላየችውም፤ የአንገቱን ዙሪያ እየዞረች ነው፤ እዚያ ላይ ዓይን ከተነሳ ጨርቁ ይጨማደዳል። ጭብጨባው ሲበርድ ኃላፊዋ ወደ ማሙሽ ዞረችና ወደ መጣችበት ጉዳይ ገባች። ቤቱ ሙዚየም እንዲሆን ቢሮው ፈቃደኛ ነው፣ ለቤተሰቡም ምትክ ቤት ይሰጣል፤ አንድ ነገር ብቻ ማረጋገጥ አለባት። «ከእርስዎ ሌላ ቤቱ ላይ ድርሻ ያለው ሰው ይኖራል?»

«ለአባቴ አንድ ልጅ እኔ ነኝ» አለ ማሙሽ። ድምፁ ሻክሯል። «አክስቴ አሉ። እሳቸውም… እሳቸውም ተስማምተዋል።»

መኪናው ቆመ።

«አልተስማማሁም» አለች እትዬ።

ጮኻ አልተናገረችም። ግን የመኪናው ድምፅ ድንገት በመቋረጡ ቃሉ ሳሎኑ መሀል ወድቆ የተሰበረ ብርጭቆ ያህል ተሰማ። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ከዓይኑ አወረደ። መምህሩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ ፎቶ ግራፍ አናግሮት ቢሆን እንኳ እንዲያ አይደነግጥም።

«ምን አሉ፣ እናቴ?» አለች ኃላፊዋ።

«አልተስማማሁም ነው ያልኩት። አልተጠየቅኩማ! ያልተጠየቀ ሰው እንዴት ይስማማል? ይህ የእናትና አባታችን ቤት ነው። ወንድሜም እዚህ ተወለደ፣ እኔም እዚህ ተወለድኩ። ልጁን ቤት አልከለከልኩትም፤ እኔን ግን ሳይነግረኝ ከክፍሌ ሊያወጣኝና ክፍሌን በእኔ ስም ሊያስጎበኝ ነው። ይህን ዛሬ ጠዋት በጆሮዬ ሰማሁ።» ቀሚሱን መርፌው ሥር አስተካከለች። «ሌላ የምለው የለኝም። የምጨርሰው ልብስ አለብኝ።»

ኃላፊዋ ማሙሽን አየችው፤ ማሙሽ ወለሉን። ሚስቱ «እትዬ ዛሬ ትንሽ አሟቸው ነው» ብላ ጀመረችና የእትዬ ዓይን ሲያርፍባት አልጨረሰችውም። «እንግዲያው» አለች ኃላፊዋ ቦርሳዋን እያነሳች፣ «ቤተሰቡ እስኪነጋገር እዚህ ላይ እናቁመው። እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልን።» እንግዶቹ አንድ በአንድ፣ ሰው ከሞተበት ቤት እንደሚወጡ ሁሉ ድምፃቸውን አጥፍተው ወጡ። መምህሩ ብቻ ወደ ኋላ ቀረ። ገመዱ ማዶ ቆሞ ባርኔጣውን በእጁ ያዞራል።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት? መጨረሻ ላይ… ክሩን በጥርስዎ ሲበጥሱ… ምን ማለት ነበር?»

እትዬ አዘነችለት። «መቀሱን ወንድሜ ወስዶት ነበር፣ ልጄ። ወረቀት ይቆርጥበት ነበር።»

መምህሩ ትንሽ አሰበ። «ግን እኮ እሱ ሲያይዎት ሌላ ነገር አይቶበት ይሆናል።»

«ይሆናል» አለችው ከልቧ። «እሱ ያየውን እኔ በምን አውቃለሁ?» ሰውየው እጅ ነስቶ ወጣ። እትዬም ወደ ጠርዙ ተመለሰች። ነርሷ ስትመጣ ቀሚሱ አልቆ፣ ተተኩሶ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ ጠበቃት።

ከዚያ በኋላ ሚስትየዋ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ማሙሽ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ የጫማው ድምፅ ይመጣል፣ ይሄዳል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ገባ። እትዬ አሁንም ሳሎን ናት፤ ከመኪናው ላይ ብናኝ በብሩሽ ትጠርጋለች። ቀዩን ገመድ በእግሩ ገፋ አድርጎ ፊቷ ቆመ።

«ሰው ፊት አዋረድሽኝ።»

«አንተ ሰው በሌለበት አዋረድከኝ።»

«ልነግርሽ ነበር! በምሳ ሰዓት አፌ ላይ ደርሶ ነበር።»

«አውቃለሁ። ስጠብቅህ ነበር። ጨው ጠየቅከኝ።»

ማሙሽ ለእንግዳ ከተደረደሩት ወንበሮች አንዱ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ክራቫቱን ፈታ። ሲናገር የተናደደ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር። «በዚህ ቤት ውስጥ መኖር አልቻልኩም፣ እትዬ። መሥሪያ ቤት እንኳ በስሜ አይጠሩኝም፤ ‹የደራሲው ልጅ› ነኝ። ሰው ሲተዋወቀኝ ስለ መጽሐፉ ነው የሚያወራኝ። ስንቴ እንዳነበብኩት ታውቂያለሽ? ራሴን ስፈልግ ነበር። የሆነ ቦታ አንድ ልጅ ያልፋል፣ ኳስ ይጫወታል፣ ያለቅሳል ብዬ። የለሁም። ያ ጅራተ ቆራጣ ውሻችን አለ፤ እኔ የለሁም። አንቺስ ዕድለኛ ነሽ። ቢያንስ አይቶሻል።»

እትዬ ብሩሹን አስቀመጠች። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገረችውም፤ መደበቅ ፈልጋ አይደለም፣ የጠየቃት ስላልነበረ ነው።

«ያን ሲጽፍ አንተ ሁለት ዓመትህ ነበር» አለችው። «እናትህ በሞተች በዓመቱ። ከእኔ አትላቀቅም ነበር። ቁልፍ ስሰፋ ጭኔ ላይ ነበርክ፤ ትተኛለህ፣ ትነቃለህ፣ ክሩን ትጎትታለህ፣ አንዴም ቁልፍ ውጠህ ጉድ ሠርተኸን ነበር። እሱ እዚያ ማዶ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ እያየን ይጽፋል። ያየው ሁለታችንን ነው፣ ማሙሽ። ሲጽፈው አንተን ከጭኔ ላይ አነሳህ።»

ማሙሽ አያት። ዓይኑ ጭኗ ላይ ወረደና እዚያው ቀረ።

«ለምን?»

«እኔ እንጃ። ሳስበው ግን፣ ልጅ የያዘች ሴት ዝም አትልማ። ታባብላለች፣ ትቆጣለች፣ ታንጎራጉራለች፣ ‹ና እዚህ፣ ተው እዚያ› ትላለች። እሱ የፈለገው ዝም የምትል ሴት ነው። አንተ ካለህ እኔ ዝም ማለት አልችልም። እና አንተን አነሳህ፤ አንተን ሲያነሳ የእኔም አፍ አብሮ ሄደ።»

ማሙሽ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እትዬ አልተነሳችም፣ አላባበለችውም፤ ለዛሬ እሱም ይቻለው ብላ ተወችው። ከመኝታ ቤቱ በር በስተጀርባ የሚስቱ እግር ኮቴ ተሰማና ቆመ። ቆይቶ ማሙሽ ፊቱን ጠረገ።

«አረጋውያን ቤት አትሄጂም» አለ።

«አልሄድም። ይህ የአንተ ውሳኔ አይደለም፤ የእኔ ነው። እናንተ ግን ሂዱ። በስምህ የሚጠሩህ ሰፈር ፈልጉ። ሁለቱን የፊት ክፍሎች ለቢሮው ስጡ፣ ጠረጴዛውንም መጻሕፍቱንም ያሳዩ፤ ያ መምህር ያለቀሰው ለማስመሰል አይደለም። የኋላው ክፍል የእኔ ነው፣ መኪናውም የእኔ ነው። ነገ አብረን ሄደን ለቢሮ ኃላፊዋ እንነግራታለን። አንተ የምትለውን አንተ ትላለህ፣ እኔ የምለውን እኔ እላለሁ።»

«እሺ» አለ ማሙሽ። ተነሳ፣ ሁለት እርምጃ ሄደ፣ ተመለሰ። በልጅነቱ ጥፋት ሠርቶ ሲመጣ እንደሚያደርገው በአንድ እግሩ ላይ ተደግፎ ቆመ። «እሱ ስለ ቤቱ ነው። አንቺስ ግን፣ እትዬ? አንቺ ለራስሽ ምን ትፈልጊያለሽ?»

እትዬ ወደ ጣሪያው አየች፣ ወደ እጆቿ አየች፣ ሳቋም መጣ፣ እንባዋም መጣ። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ ግን አስባበት አታውቅም።

«ቆይ» አለችው፣ «ላስብበት።»

ማሙሽ ወንበሩን ወደ እሷ ስቦ ተቀመጠና ጠበቃት።